ክረምት ለኮርሳ ነጂ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ ለጭቃ የሚሆን ብስክሌት እንዴት እንምረጥ

ሐምሌ አጋማሽ ነበር። በጢስ ዓባይ አቅጣጫ ወጥቼ ከዋናው መንገድ ወደ አንድ የገበሬ ጥርጊያ ታጠፍኩ። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት አባርቷል። ፀሐይ ወጥታለች፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ማን ይመለሳል? ኮርሳዬ፣ ማለትም ለአስፋልት የተሠራው ቀጭን ጎማ ያለው ብስክሌቴ ላይ የነበረው ጎማ 25 ሚሊ ነው። መቶ ሜትር እንኳ ሳልሄድ የኋላው ጎማ መዞር አቆመ።

ወርጄ አየሁት። በጎማውና በፍሬኑ መሐል ጭቃና ሣር ተጠቅጥቆ ምርጊት ሆኗል። ግድግዳ የሚመረግበት ጭቃ ከጭድ ጋር ሲቦካ እንዴት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ልክ እንደዚያ ነው የያዘው። በጣቴ ፈለቀቅኩት። አሥር ሜትር ገፋሁት፤ እንደገና ቆመ። ከብት የሚነዱ አንድ አባት ደረሱብኝ። ትንሽ አዩኝና ከአጥሩ ላይ እንጨት ሰብረው ሰጡኝ። «እንካ ልጄ፣ በዚህ ጎርጉረው» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብዬ ጎረጎርኩ። በመጨረሻ ግን ብስክሌቱን በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ዋናው መንገድ ላይ የወጣሁት።

ቤት ገብቼ ካጠብኩት በኋላ በጎማውና በቴላዮው (በብስክሌቱ የቱቦ አካል) መሐል ያለውን ክፍተት ለካሁ። 4 ሚሊ ነው። ለአስፋልት ከበቂ በላይ ነው። ለሐምሌ ጥርጊያ ግን ምንም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ለጭቃ ብዬ ሁለት ብስክሌት ገዝቻለሁ። ለጓደኞቼም ስመርጥ ቆይቻለሁ። እዚህ የምጽፈው በመሸንቲና በሐሙሲት አስፋልት ላይ በኮርሳ ለሚነዱና ሰኔ ሲገባ ብስክሌታቸውን ግድግዳ ላይ ለሚሰቅሉ ሰዎች ነው። አትስቀሉት። ወይም እሱን ስቀሉና ሌላ ያዙ። የጣና ዙሪያ በጣም የሚያምረው እናንተ በማትነዱባቸው ወራት ነው።

አንደኛ፦ ጭቃችሁን እወቁ

ፈረንጆች «የክረምት ብስክሌት» ሲሉ በረዶና ብርድ እያሰቡ ነው። ምክራቸውም ለዚያ የተቆረጠ ነው። የኛ ክረምት ሌላ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከግማሽ የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ብርዱ የሚያስፈራ አይደለም። ከተማዋም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ለጥ ያለች ሜዳ ናት። ፈተናው አፈሩ ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የምትነዱበትን መሬት ሄዳችሁ እዩት።

ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ላዩ ይንሸራተታል፣ ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። ውኃውንም ቶሎ ያሳልፋል። ግማሽ ቀን ፀሐይ ካገኘ ይነዳል። እዚህ የሚያስፈልጋችሁ የሚቧጥጥ ጎማ ነው።

ዋልካው ሌላ ጉዳይ ነው። ከሐሙሲት አልፋችሁ ወደ ወረታ ስትወርዱ የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል። ሩዝ የሚበቅልበት፣ ጉማራና ርብ የሚያጥለቀልቁት ጥቁር መሬት ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሸክላ ነው። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ጎማው በዞረ ቁጥር አንድ አንድ ልባስ እየደረበ ይወፍራል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ዝናብ በጠገበ ዋልካ ላይ የሚያስኬድ ብስክሌት የለም። ወፍራም ጎማ ያቆያችኋል እንጂ አያድናችሁም። ከቀይ አፈር ድጥ ሸሽቶ በዋልካ በኩል አቋርጣለሁ ያለ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ የሚለው አባባል በደንብ ይገባዋል።

ሦስተኛው ኮረኮንቹ ነው። ውኃ የቋጠረ ጉድጓድና የሾለ ድንጋይ ይበዛዋል። እዚህ ጭቃው ሳይሆን ጎማ መብሳቱ ነው የሚያስቸግረው። ሐይቁ ዳር ደንገል ባለበት ረግረግ ግን ስለ ብስክሌት አታስቡ። መሬቱ አይችላችሁም፤ ዳር የሚበቅለውንም ታበላሻላችሁ።

አፈሩን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ከእርጥቡ ቆንጠር አድርጉና በሁለት መዳፋችሁ መሐል አሽከርክሩት። ሳይበጠስ እንደ ወፍራም ክር ከተሳበና ቀለበት ሠርታችሁበት ካልተሰነጠቀ ከባድ ሸክላ ነው። ከተፈረካከሰ ለመንዳት የሚመች አፈር ነው። እኔ ከመንገድ ወጥቼ አዲስ ጥርጊያ ከመግባቴ በፊት አሁንም ይህን አደርጋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ በክረምት የምትሄዱባቸውን ሦስት መንገዶች ወረቀት ላይ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስንቱ አስፋልት፣ ስንቱ ኮረኮንች፣ ስንቱ አፈር እንደሆነ ገምቱ። በኋላ ሻጭ ሲያግባባችሁ ወረቀቱን አውጥታችሁ ታያላችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከዚያው አካባቢ ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ክፍተቱን ለኩ

ኮርሳ ስንገዛ መጀመሪያ የምናደርገው በአንድ እጅ ማንሳት ነው። «ቀላል ነው!» እንላለን። ለጭቃ ስትመርጡ ይህን ልማድ ተዉት። ብስክሌቱን አቁሙና ተንበርከኩ። ከታች ወደ ላይ ተመልከቱ።

ኪሳችሁ ውስጥ የ6 ሚሊ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን የብሎን መፍቻ) ይኑር። ጎማው በደንብ ከተነፋ በኋላ ብሩጎላውን በጎማውና በቴላዮው መሐል አሳልፉ። መጀመሪያ ከፔዳሉ ኋላ ሁለቱ ቱቦዎች የሚቀራረቡበት ላይ ሞክሩ። አብዛኛው ብስክሌት እዚያ ነው የሚጠበው። ቀጥሎ ከኮርቻው በታች ሁለቱን ቱቦዎች የምታያይዘው ድልድይ ሥር። ከዚያ የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ፎርክ ከላይ የሚገናኝበት። በመጨረሻ ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ካለው የፍሬኑ ቅስት ሥር። በግራም በቀኝም ብሩጎላው ሳይነካ ካለፈ ለቀይ አፈር ይበቃል። ዋልካ የምትነኩ ከሆነ ግን 10 ሚሊ ፈልጉ። ትንሿን ጣታችሁን ሳትታሽ ማስገባት ከቻላችሁ እዚያው አካባቢ ናችሁ።

ይህን ስትለኩ የቆመው ጎማ ንጹሕና ቀጥ ያለ መሆኑን አትርሱ። ኮረኮንች የመታው ቸርኬ ይወላገዳል። በእያንዳንዱ ዙር 2 ሚሊ ወዲያና ወዲህ ካለ ከክፍተታችሁ ላይ ቀነሰ ማለት ነው።

ሻጩ «ወፍራም ጎማ ይችላል» ካላችሁ የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 40-622 ይላል። 40 የጎማው ውፍረት በሚሊ ሜትር ነው። 622 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ (ዲያሜትር) በሚሊ ሜትር ነው። 622 ማለት የኮርሳ፣ የግራቭል (መሪው እንደ ኮርሳ ሆኖ ለጠጠር መንገድ የተሠራ ብስክሌት) እና «29» የሚባለው የማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) ቸርኬ ነው። 584 «27.5» የሚባለው ነው። 559 ደግሞ «26» ብለን የምናውቀው። ይህን ቁጥር ማንበብ የለመደ ሰው የማይገባ ኮፐርቶን ገዝቶ አይመለስም።

«የኮርሳዬ ቸርኬ 622 ስለሆነ አዲሱ ብስክሌት ላይ ይገባል» ብላችሁም አትቁጠሩ። የኋላው ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) ስፋት ይለያያል። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያለው ኮርሳ አብዛኛውን ጊዜ 130 ሚሊ ነው፤ የዲስክ ፍሬን (ሞዞው ላይ የተገጠመ ስስ ክብ ብረት የሚይዝ) ያለው ማውንቴን 135፣ 142 ወይም 148 ይሆናል። ሜትር ይዛችሁ ለኩ።

ሦስተኛ፦ ዓይነቱን ወስኑ

አሁን ወረቀታችሁን አውጡ።

ከመንገዳችሁ አብዛኛው አስፋልት ሆኖ ዳር ዳሩን ብቻ ኮረኮንች ከነካችሁ ያላችሁን ኮርሳ ፈትሹ። አንዳንድ አዳዲስ ባለ ዲስክ ኮርሳዎች 32 ሚሊ ጎማ ይችላሉ። ያ ለኮረኮንች ይበቃል። ጭቃ ላይ ግን አታስገቡት።

ሳይክሎክሮስ የሚባለው ብስክሌት በቤልጅየምና በጎረቤቶቿ የክረምት ጭቃ ውድድር ላይ ያደገ ነው። መሪው እንደ ኮርሳ የታጠፈ ነው፣ ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ ለመሸከምም ይመቻል። ነገር ግን የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሕግ ለዚያ ውድድር ጎማን በ33 ሚሊ ይገድባል። ብዙዎቹ ቴላዮዎችም ለዚያ ልክ ነው የተሠሩት። በዚያ ውድድር ላይ ደግሞ ነጂው በየዙሩ ጭቃ የያዘውን ጥሎ የታጠበ ብስክሌት ይቀይራል። እኛ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ማን ይቀይርልናል? በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁት አልቃወምም። ፈልጋችሁ ግን አትድከሙ።

ግራቭል ለኮርሳ ነጂ በጣም ቅርቡ ነው። እጃችሁ የለመደው መሪ ነው፤ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ጎማ፣ አንዳንዱም 50 ይችላል። ቀይ አፈርና ኮረኮንች፣ በመሐል ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር አስፋልት ካላችሁ ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ መለዋወጫው ነው። በከተማችን ጠጋኞች ዘንድ የምታገኙት ዕቃ በብዛት የማውንቴን ነው።

ለዚህ ነው ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ኋላው ስፕሪንግ የሌለው ማውንቴን የሚሆነው። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም። ከ2 ኢንች በላይ ጎማ ይይዛል፣ ማርሹ ዳገት ይችላል፣ መንደር ውስጥ ቢሰበር የሚጠግነው ሰው አለ። ፊቱ ላይ ርካሽ ስፕሪንግ ያለውን ግን ሽሹት። ያ ፎርክ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ክረምት ሲያልፍ ዝጎ ይያያዛል፣ ከዚያ ስፕሪንግም አይሆን ደረቅም አይሆን። ወይ በአየር የሚሠራና የሚቆለፍ፣ ወይ ስፕሪንግ የሌለው ደረቅ ፎርክ ይሁን። እኔ ደረቁን እመርጣለሁ። ለስላሳ ጭቃ ላይ የሚያነጥር ነገር የለም፤ ለኮረኮንቹ ደግሞ ወፍራሙ ጎማ ራሱ ስፕሪንግ ነው።

ቴላዮው ብረትም ይሁን አሉሚኒየም ለክረምት ይሆናል። ካርቦን ላይ ግን ጎማው የሚያመጣው ጭቃና አሸዋ ቱቦውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ልብ በሉ።

አራተኛ፦ ልካችሁን ከኮርሳችሁ ውሰዱ

ኮርሳ ነጂ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ልኩን ያውቃል። የማያውቅ ካለ እንዲህ ያድርግ፦ ጫማ አውልቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግራችሁ መሐል ወደ ላይ እስኪጠብቅ ግፉት። ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ለኩ። ያንን በ0.883 አባዙት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ከፔዳሉ መሐለኛ ኩሽኔታ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ይህ ነው። ለጭቃ ከዚህ ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ዝቅ አድርጉ። ጎማው ሲንሸራተት እግራችሁ መሬት ቶሎ መድረስ አለበት።

ብስክሌቱን በእግራችሁ መሐል አድርጋችሁ ስትቆሙ በላይኛው ቱቦና በእናንተ መሐል ቢያንስ 5 ሴንቲ ይኑር። አስፋልት ላይ ይህን አንጨነቅበትም። ጭቃ ውስጥ እግር አንድ ጊዜ ሲሰምጥ ግን ለምን እንዳልኩ ትረዳላችሁ።

ማውንቴን ከሆነ መሪው 70 ሴንቲና ከዚያ በላይ ይሰፋል። የኮርሳው 42 ገደማ ነበር። መጀመሪያ ላይ ክንድ ዘርግቶ የመሄድ ስሜት ይሰጣል። ታገሡት፤ ጎማው ሲዋልል የሚያድናችሁ ያ ስፋት ነው። ከ5 እና 6 ጉዞ በኋላም ትከሻችሁን ካመማችሁ ጫፍና ጫፉን አንድ አንድ ሴንቲ ማስቆረጥ ትችላላችሁ።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። የሚከራይ ወይም ጓደኛ የሚያውሳችሁ ማውንቴን አይጠፋም። ግማሽ ቀን ነድታችሁ ልካችሁን ካወቃችሁ በኋላ ግዙ።

አምስተኛ፦ ማርሹን አስሉ

በኮርሳ የለመድነው ፍጥነት ነው። በጭቃ የሚያስፈልገው ቀላል ማርሽ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ከሚዞርባቸው ባለ ጥርስ ክቦች (እነሱንም «ጥርስ» ነው የምንላቸው) የፊቱን የትንሹን የጥርስ ብዛት ለኋላው የትልቁ የጥርስ ብዛት አካፍሉ።

የተለመደ ኮርሳ ፊቱ 34፣ ኋላው 28 ነው። 1.21 ይመጣል። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.6 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ግራቭል ፊቱ 40፣ ኋላው 42 ቢሆን 0.95 ነው። ባለ አንድ የፊት ጥርስ ማውንቴን 32 በ46 ከሆነ 0.70 ነው። የድሮው ባለ ሦስት የፊት ጥርስ ማውንቴን 22 በ34 ከሆነ 0.65።

ቁጥሩ ከ1 በታች ይሁን። ጭቃ ላይ ቆሞ መርገጥ አይቻልም፤ ክብደታችሁ ከኋላው ጎማ ላይ ሲነሳ ጎማው በባዶ ይዞራል። ተቀምጣችሁ በፍጥነት እየረገጣችሁ መውጣት አለባችሁ። ይህን ለማየት ከዝናብ በኋላ የቤዛዊትን ኮረብታ ሞክሩ። ከኮርቻ ሳትነሱ ከወጣችሁ ማርሹ ልክ ነው።

የፊት ጥርሱ አንድ ይሁን ወይስ ሁለት? ለጭቃ አንድ ይሻላል። የፊቱ ማርሽ መቀየሪያ ከጎማው አጠገብ ተጣብቆ የሚቀመጥ የጭቃ መሰብሰቢያ ነው። ጥሩ ዋጋ ያለው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ካገኛችሁ ግን ለዚህ ብላችሁ አትተዉት። ከኋላ ጥርሱ 8 ወይም 9 ብቻ ቢሆን ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ካቴናው ወፈር ያለ ነው፣ ቆሻሻ ይችላል፣ ቅያሪውም አይጠፋም።

ስድስተኛ፦ ፍሬን

ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን በጭቃ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ አይይዝም። ቀጥሎ የያዘ ዕለት በአሸዋው ቸርኬውን ይሞርደዋል። ያገለገለ ስትገዙ የቸርኬውን ጎን በጥፍራችሁ ዳብሱት። ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ ተበልቷል።

ስለዚህ ዲስክ። ግን የትኛው? በገመድ የሚሠራውን እመክራለሁ። የዘይቱ ጉልበቱ ይበልጣል፣ ጣትም አያደክምም። ሆኖም አየር ሲገባው ማን ያወጣላችኋል? ደግሞ አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። የሺማኖ የዘይት ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። የመኪና ጋራዥ ያለው ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ሌላ ነው። ያን ከጨመራችሁበት ውስጡ ያሉትን ጎማዎች ያበላሻል፤ ፍሬኑም ይሞታል። የገመዱ ፍሬን ግን ገመዱ ቢበጠስ የትኛውም ጠጋኝ ይቀይረዋል።

የፍሬን ሸራው ሁለት ዓይነት ነው። ለስላሳው ጸጥ ይላል፤ በጭቃ ግን ቶሎ ያልቃል። ብረት የተቀላቀለበት ይጮኻል፤ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ለክረምት ሁለተኛው፣ ዲስኩ የሚፈቅድ ከሆነ። ለለስላሳ ሸራ ብቻ የተሠሩ ዲስኮች አሉ፤ ዲስኩ ላይ ተጽፏል።

ከመንዳታችሁ በፊት የትኛው እጀታ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ እዩ። ከእንግሊዝ የመጣ ያገለገለ ብስክሌት የፊቱ ፍሬን በቀኝ ነው። ድጥ ላይ በስህተት የፊቱን መጨበጥ ማለት መውደቅ ማለት ነው።

ሰባተኛ፦ ጎማና አየር

ጎማው ላይ ያለው ጥርስ የተራራቀና ረዘም ያለ ይሁን። የተጠጋጋ ከሆነ በመሐሉ ጭቃ ይሞላና ከአስፋልት ጎማ አይለይም። ምን ያህል ይወፍር? ክፍተታችሁ ከሚችለው ትልቁን አትሙሉት። ቴላዮው 45 ይችላል ከተባለ እኔ 40 እገጥማለሁ። ለአየሩና ለጭቃው ማለፊያ ይቅርለት።

አየር ላይ የኮርሳ ነጂ ሁሉ ይሳሳታል። እኛ 90 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የለመድን ሰዎች ነን። 40 ሚሊ ጎማ ከ30 እስከ 40 ይበቃዋል። ከ2 ኢንች በላይ የሆነ የማውንቴን ጎማ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ካለው ከ25 እስከ 32። ቀለል ያለ ሰው ከታችኛው፣ ከበድ ያለ ከላይኛው ይጀምር። ጎሚስታ ቤት ስታስነፉ ቆማችሁ ተከታተሉ። የመኪና ኮምፕረሰር የብስክሌት ጎማን በሰከንዶች ውስጥ ያፈነዳል።

ስለ ቫልቩም ተመልከቱ። የኮርሳው ቀጭን ቫልቭ የጎሚስታው አፍ ላይ አይገባም። ትንሿን የነሐስ ማስማሚያ ገዝታችሁ ቁልፍ መያዣችሁ ላይ እሰሯት። የቸርኬው ቀዳዳ ለወፍራሙ የተበሳ ከሆነ ደግሞ እንደ መኪናው ያለውን ከመነዳሪ ግጠሙ፤ በየቦታው ይገኛል።

ያለ ከመነዳሪ፣ ቀዳዳ በሚደፍን ፈሳሽ የሚሠራው ጎማ ለግራር እሾህ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ፈሳሹ በየጥቂት ወሩ ይደርቃል፤ መጨመር አለበት። ፈሳሹን የምታስመጡበት ሰው ካላችሁ ግቡበት። ከሌላችሁ ከመነዳሪው ይሻላል።

ስምንተኛ፦ የቀሩት ጥቃቅኖች

የኮርሳ ጫማ ሥር ያለው ባለ ሦስት ብሎን መቆለፊያ ጭቃ ከነካ አይገባም፣ በእሱም አይራመዱም። ባለ ሁለት ብሎኑ የማውንቴን ይሁን፣ ወይም ሰፊ ተራ ፔዳል። የፔዳሉ ብሎን ጥርስ በኮርሳም በማውንቴንም አንድ ስለሆነ ያላችሁን ማዛወር ትችላላችሁ። የግራው ፔዳል ወደ ተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሱ።

መሐለኛው ኩሽኔታ እንደ ብሎን በጥርስ የሚጠብቀውን ምረጡ እንጂ በመዶሻ ተገፍቶ የሚገባውን አይደለም። ሁለተኛው ጭቃ ሲገባው ይንቋቋል፤ ለማውጣትም የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል። ፓራፋንጎ ለኮረኮንችና ለቀይ አፈር መልካም ነው፤ ለዋልካ ግን አውልቁት፤ ክፍተታችሁን ይበላል።

ዘጠነኛ፦ ያገለገለ ስትገዙ

በቀን ብርሃን እዩት። ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይበልጥ ጠርጥሩ።

የኮርቻውን ዘንግ አስፈትታችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ካልወጣ ዝጎ ተያይዟል፤ ተዉት። ከወጣ ብስክሌቱን ገልብጡና መሬት ላይ ወረቀት አንጥፉ። ዝገት የቀላቀለ ውኃ ወይም የደረቀ ጭቃ ከወረደ መሐለኛው ኩሽኔታም ደህና አይደለም። ይህን ሳደርግ አንድ ጊዜ ከቱቦው ውስጥ ሙሉ እፍኝ አፈር ወጥቷል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር።

ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት። ከአንድ ፒን መሐል ጀምራችሁ፣ እሱን ሳትጨምሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሐል ቁጠሩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ነው። 306.4 ገደማ ከደረሰ ካቴናው ይቀየራል። 308 አካባቢ ከሆነ የኋላው ጥርስም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ይህንን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁ። መሪው ሥር ኳ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። ፔዳሉ የተሰካበትን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉ፤ መንቀሳቀስ የለበትም። ከመሪው በታች ቱቦዎቹ የተበየዱበትን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ቀለም ላይ ያለች ቀጭን መስመር ብትሆንም እለፉት። ደረሰኝም ጠይቁ።

ከገዛችሁ በኋላ

የመጀመሪያውን ጉዞ ቅርብ አድርጉት። ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሚጥል ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ላዩ ጠፈፍ ሲል ውጡ። ዋልካ ያለበትን ግን አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ እስኪያገኝ ጠብቁት። የገበሬው ማሳ ዳርም መንገድ አይደለም። ሰኔና ሐምሌ ላይ የተዘራ ነው።

ስትመለሱ ጭቃው ሳይደርቅ እጠቡት። ላቫጆ ከወሰዳችሁት የውኃው ጉልበት ሞዞውንና መሐለኛውን ኩሽኔታ በቀጥታ እንዳይመታ ለልጁ ንገሩት፤ ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል። በባልዲና በብሩሽ ይሻላል። ሐይቁ ዳር አትጠቡ። የካቴናው ዘይት ጣና ውስጥ ነው የሚገባው። ከታጠበ በኋላ ካቴናውን በጨርቅ አድርቃችሁ ወፈር ያለ የእርጥብ ወቅት ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ትርፉን ጥረጉት።

ቦርሳ ውስጥ ሁለት ከመነዳሪ፣ ፖምፕ፣ የ5 እና የ6 ሚሊ ብሩጎላ፣ አንድ የካቴና ማያያዣ ይኑር። አንድ ስንዝር የምትሆን ጠፍጣፋ የቀርከሃ ስንጥርም ጨምሩ። ቀለም አትቧጭርም፣ አትሰበርም፣ ፎርኩ ሥር የተጠቀጠቀውን ሁሉ ታወጣለች። እኔ የራሴን በላስቲክ ከኮርቻው ሥር አስሬያታለሁ፤ ሳልወርድ እንድደርስባት።